ሲሞቅ የሚነክስ ጠመንጃ

ሰኞ

አባባ ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና ነገሩን ፍርጥ አደረገው። ሞራው ሁለቱንም ዓይኖቹን ጋርዷቸዋል፤ ከዚህ ክረምት ወዲያ ጠመንጃ የምንጠግንበት ባንኮ ላይ አይቀመጥም። "ወርክሾፑን ከሁለት አንዳችሁ ትይዛላችሁ። ዝናቡ ሲያባራ ማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ" አለ። ከዚያ ማንኪያውን አንስቶ መብላቱን ቀጠለ፣ ስለ አየር ጠባይ ያወራ ይመስል።

ከሁለት አንዳችሁ! ይሄ "ሁለት" ደግሞ ከየት መጣ? እኔ ጠመንጃ መፍታት የጀመርኩት ባንኮው ላይ ለመድረስ ሣጥን ላይ ቆሜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከተማ ብረታ ብረት ፋብሪካ ከርሞ የተመለሰው ገና አሁን ነው፤ ቱታው እንኳ አንድ ጊዜ አልታጠበም።

ከሰዓት በኋላ ደን ጠባቂው መጡ። መሥሪያ ቤታቸው ከመጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አድሏቸው፣ የእሳቸው መቀባበያው እየተያዘ፣ የተተኮሰውን ቀለህም አልተፋ እያለ አስቸግሯቸዋል። ከርከሮ የሰው ማሳ እያወደመ፣ ገበሬው እየጮኸባቸው፣ እሳቸው ከጠመንጃቸው ጋር ግብ ግብ። አባባ ተቀብሎ በጣቱ ዳበሰው። እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር። ለወንድሜ ሰጠው።

እጄን በቱታዬ ጠረግኩ፣ ለዚያ የዘረጋሁ አስመስዬ።

የቤታችን ሕግ የታወቀ ነው። ጠመንጃውን ከአባባ እጅ የተቀበለ ሰው፣ ከበር እስኪወጣ ድረስ ባለቤቱ እሱ ነው። ሌላው አይነካም፤ ካልተጠየቀም አፉን አይከፍትም። አባባና አጎቴ ድሮ አንድ ሽጉጥ ሁለቱም እየነካኩ ገደል ከከተቱት ጀምሮ እንዲህ ነው የምንሠራው። ስለዚህ ዝም አልኩ። አልቀናሁም። በታናሽ ወንድም ይቀናል እንዴ?

ማክሰኞ

ደን ጠባቂው ተመልሰው መጡ፤ መወልወያ ዘንጉን ረስተውት ኖሮ ሊሰጡን። ወንድሜ አልነበረም። የት ይሆናል? ጎረቤት ልብስ ሰፊዋ ጋ እያሳቃት ነዋ። እኔው ተቀበልኳቸው።

"መቼም ይህቺ አሮጊት ተንኮለኛ ናት" አሉኝ። "ጠዋት ስትነሳ እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችሽ! ሁለት ሦስት ጥይት ቀለሁን እየተፋች ትተኩስልኛለች። ከሞቀች በኋላ ነው የምታብደው። ያኔ መቀባበያውን በድንጋይ ካልመታሁት ንቅንቅ አይልም።"

"ሲሞቅ ነው የሚይዘው?"

"ሲሞቅ ብቻ።"

"ይህንን ለወንድሜ ነግረውታል?"

"ይነክሳል አልኩት። ይበቃዋል ብዬ። ንገሪልኝ እንግዲህ።"

እሺ አልኳቸው። ሄዱ።

ግራሶ ነው። መጋዘን የሚገባ ጠመንጃ እንዳይዝግ ግራሶ ይጠጣል። ዘመን ሲያስቆጥር ጥይቱ የሚተኛበት ጉድጓድ ውስጥ ይደርቅና የብረቱ ቀለም ይመስላል፤ በባትሪ ብታይ እንኳ ንጹሕ ነው ትላለህ። ብረቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ምንም አይልም። ሲሞቅ ይላላና ቀለሁን እንደ ሙጫ ጭምድድ ያደርገዋል። ሥራው የሽቦ ብሩሽና ነጭ ጋዝ ነው፤ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል።

ወንድሜ እያፏጨ ገባ። አልጠየቀኝም። ካልተጠየቅኩ አልናገርም፤ ሕግ ነው።

ሐሙስ

ወንድሜ ቀለህ የሚጎትተውን ጥፍር ነቅሎ አዲስ ሞላ ሠራለት። ሞላው ያምራል። ይመር፤ ማንም አያምርም አላለም።

አባባ መብራት ያዘለት። ቆሞ! ወገቤን የሚለው ሰውዬ፣ ልጁ ጥፍር እስኪገጥም ድረስ አምፖሉን አንጠልጥሎ ቆመ። ለእኔ መብራት የያዘበትን ቀን ላስታውስ ብዬ ከሰዓቱን ሙሉ ስቆፍር ዋልኩ። አንድም ትዝ አላለኝም።

እማዬ ሻይ አመጣች። ለእኔም አመጣች፣ ሐሰት ምን ያደርጋል። የእሱ ግን ትኩስ ነበር።

ዓርብ፣ በጥድፊያ

ሙከራ። ባዶ ቀለህ እያስገባ ይስባል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ልክ እንደ ሰዓት። እማዬ አጨበጨበች። በቀዝቃዛ ብረት ማ ያቅተዋል? ፋብሪካ እንዲህ ነው የሚያስተምሩት መሰለኝ፤ ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ ጠረጴዛ ላይ መፈተን።

አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ "ያ ሳቂታው የለም?" አለኝ። እኔ ከፊቱ ቆሜ! "የለም፣ ያለሁት ኮስታራዋ ነኝ" አልኩት። ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ

ወደ ድንጋይ ካባው ወጣን፤ መተኮስ የሚፈቀድልን እዚያ ብቻ ነው። ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ብሎ ነበር። አባባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ደን ጠባቂው ከጎኑ።

የመጀመሪያው ተተኮሰ፣ ቀለሁ ወጣ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። ወንድሜ ዞሮ ጠቀሰኝ። እኔም ሳቅኩለት። ምን ላድርግ፣ ልጁ ሲጠቅስ ሳይስቁ ማለፍ አይቻልም፤ ተንኮሉ ይሄ ነው።

ከዚያ ብረቱ ሞቀ።

መቀባበያው ተያዘ። ጎተተ። እግሩን ሰደፉ ላይ አድርጎ ጎተተ። በእንጨት መዶሻ መታው፤ እጀታው ድንገት ሲለቅ መዳፉን ቀደደው። ደሙ ቱታው ላይ ወረደ።

ደሙን ሳላይ በፊት፣ መቀባበያው ሲያዝ፣ በልቤ ያልኩትን እዚህም አልጽፈውም። አንድ ቃል ነበር። ደሙን ሳይ ሻርፔን አውልቄ እጁን ጠመጠምኩለት፤ እሱ "አይዞሽ እታለም፣ ምንም አልሆንኩም" ይለኛል። እኔን ያጽናናኛል!

አባባ ወደ እኔ አቅጣጫ ዞረ። በደንብ አያየኝም፤ ግን ዞረ። "አንቺስ ምን ታይቶሻል?"

"የእኔ ሥራ አይደለም አባባ" አልኩ።

"እሱስ ልክ ነሽ" አለ። ቤት እስክንደርስ አላናገረኝም። ምን አጠፋሁ? ሕጉን ያወጣው እሱ ነው።

እሑድ

እማዬ ጓዳ ውስጥ ለአባባ ስታወራ ሰማሁ። ሆን ብዬ አልነበረም፤ ሆን ብዬም ቢሆን ቤቱ ቤቴ ነው።

"ወንድ ልጅ ነው፣ ነገ ቤተሰብ ይመሠርታል። እሷ ምን ጎደላት? ከእሱ ሥር ሆና ትሠራለች። እሱ እንደሆነ ክፉ አይናገራት።"

አባባ ምን እንደመለሰ እንጃ። የሰማሁት ሳሉን ብቻ ነው።

ከእሱ ሥር። ክፉ አይናገራት። እማዬ እንዲህ ስትል ጥላቻ የላትም እኮ፤ እኔን ያሰበችልኝ መስሏት ነው። ይሄ ነው የበለጠ ያንገበገበኝ። ለእሱ ወርክሾፕ ታስብለታለች፤ ለእኔ ደግ አለቃ።

ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። የእሱን ቱታም አጠብኩ፤ ደሙ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ማክሰኞ ማታ

ይህንን ቶሎ ብዬ አልጻፍኩትም። እጄ ብዕሩን እየሸሸ አስቸገረኝ።

ዛሬ ወንድሜ ወደ እኔ ባንኮ መጣ። መዳፉ ላይ ፋሻ አለ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አባባ እዚያው ተቀምጦ ሬዲዮውን እየነካካ፣ "እታለም፣ አልቻልኩም" አለ። በቃ፣ እንዲሁ! "ይህቺ ጠመንጃ በለጠችኝ። አንቺ ምን ትያለሽ? እርጂኝ።"

ተጠየቅኩ። ሕጉ ተከፈተልኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ፊቱን አየሁት። አላፈረም። እኔ እዚህ ቤት አንድም ቀን "አልቻልኩም" ብዬ አላውቅም፤ ያላወቅኩትን ሌሊት ሳገላብጥ አድሬ ጠዋት እንዳወቅሁ ሆኜ እገባለሁ እንጂ። እሱ ግን ልክ ውኃ እንደሚጠይቅ ሰው ጠየቀ። አባባም ፈገግ አለ። አየሁት፣ ፈገግ ሲል። ብነግረው ጠመንጃው ይሠራል፣ ወንድሜም የሠራው ይሆናል፣ አባባም ያንኑ ፈገግታ ይዞ ወርክሾፑን ይሰጠዋል። ወደ አእምሮዬ የመጣው ይሄ ነው፤ ከዚያ አፌ ቀደመኝ።

"ጥፍሩ ነው" አልኩት። "ወፍራም ሆኖ ነው። ጀርባውን ሞረድ አድርገው። ቀጠን ሲል ቀለሁን ጠልቆ ይይዘዋል።"

"እውነትሽን ነው?"

"ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?"

ግንባሬን ሳመኝ። ሞረድ ሊመርጥ ሄደ።

ለራሴ የምለው ነገር አለኝ፦ ነገ እነግረዋለሁ።

ረቡዕ

ሞረደ። አልነገርኩትም። ደንበኛ በዛ።

ሐሙስ

ደን ጠባቂው ሲሮጡ መጡ። ከርከሮዎቹ ትናንት አንድ ገበሬ አሳድደው ዛፍ ላይ አስወጥተውት እዚያው አድሯል። "ሠራም አልሠራም ነገ ከሰዓት እወስዳታለሁ፣ ባዶ እጄን አልገባም" አሉ። ወንድሜ "ጠዋት ካባው ላይ ሞክረን እንሰጥዎታለን፤ እህቴ መላውን ነግራኛለች" አላቸው። ደን ጠባቂው ዞረው "ተባረኪ" አሉኝ።

ተባረኪ!

የቆሰለ ከርከሮ ፊት ለፊት ቆመው መቀባበያውን በድንጋይ ሲመቱ ታየኝ። ራት አልበላሁም። እማዬ "ምነው፣ አመመሽ?" ብላ ግንባሬን ነካችኝ። እጇን ገፋሁት። ቀኑን ሙሉ የምመኘው እጅ ነበር እኮ።

ዓርብ

ወፍ ሳይንጫጫ ወርክሾፑን ከፈትኩ። ጠመንጃው ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ነበር። ሕጉን ጣስኩ። ነጭ ጋዝ አጠጣሁት፣ እስኪላላ ጠበቅሁ፣ በሽቦ ብሩሹ ጉድጓዱን ማሸት ጀመርኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቡናማ ነገር እየተዝለገለገ ወረደ፤ ጨርቅ ላይ ጨርቅ ቀየርኩ፣ እስኪነጣ ድረስ። ክንዴ ዛለ። ጥፍሩን አየሁት። ምስኪን፣ እንዳልኩት አድርጎ ጀርባውን አሳስቶታል፤ ግን በጥንቃቄ፣ እኩል አድርጎ፣ አንድም ጭረት ሳይተው። ውሸቴን እንዲህ አሳምሮ ሠርቶታል።

ጨርቁን ምድጃ ውስጥ አቃጠልኩ፣ እጄን በሳሙና ፈተግኩ፣ ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ።

ረፋዱ ላይ ወንድሜ ካባው ላይ ተኮሰ። ተኮሰ፣ ተኮሰ። ብረቱ እጅ እስኪያቃጥል ሞቀ፤ ቀለሁ እየዘለለ ይወጣል፣ መቀባበያው በአንድ ጣት ይሳባል። ደን ጠባቂው እንደ ልጅ ሳቁ። አባባ ከመቀመጫው ተነሣ።

"ችግሩን ማን ነው የፈታው?"

መልሱን አውቀዋለሁ፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። 'እኔ ነኝ' ይላል፣ አለቀ።

"እታለም ናት" አለ ወንድሜ። ጮክ ብሎ፣ እየሳቀ። "እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ጥፍሩ ነው፣ ሞርደው አለችኝ፤ ሞረድኩት፣ ይኸው! የእኔ እጅ ነው እንጂ ጭንቅላቱ የእሷ ነው።"

አባባ ጠመንጃውን ጠየቀ። መቀባበያውን አወጣ፣ ጥፍሩን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ደጋግሞ ዳበሰ። ጠመንጃውን ወደ ፊቱ አቅርቦ አሸተተ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና እጄን ያዘኝ፤ ይዞ አልቀረም፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ነጭ ጋዝ በሳሙና ቶሎ አይለቅም።

"ይህ ጥፍር ሳስቷል። ሳይወስዱት በፊት አዲስ ግጠሚላቸው" አለ። ወደ ሁሉም ዞሮ "ወርክሾፑን እሷ ትይዛለች። ቃሌ ነው" አለ።

ወንድሜ አንስቶ አሽከረከረኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ስመኘው የኖርኩት ቀን ይሄ ነበር። እግሬ መሬት እስኪነካ ቸኮልኩ።

ሰኞ

የእኔ ነው። በሩ፣ ባንኮው፣ ሞርሳው። እማዬ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለችኝና ሻይ አመጣችልኝ፤ ትኩስ። ደን ጠባቂው ጠመንጃዋ እንደ ሙሽራ ተመችታኛለች ብለው መልእክት ላኩልኝ፤ በአዲሱ ጥፍር።

አባባ ግን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ ስሄድ ስመጣ ኮቴዬን ያደምጣል። አንድ ነገር እስክለው የሚጠብቅ ይመስለኛል። ወይም እኔ ነኝ።

ወንድሜ አልከፋውም። ቢከፋው ምን ነበረበት? አንድ ቀን ቢያኮርፍ፣ ግማሽ ቀን! ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሲሳሳቅ ይሰማኛል። ተሸንፎ እንዲህ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ወርክሾፑ በእጄ እያለ ዛሬም የእሱን ነው የማየው።

ቅናት ነው። ጻፍኩት።

ረቡዕ

ዕቃ ገዝቼ ስመለስ ወንድሜ ሞርሳው ላይ ተጎንብሷል። የአንድ አዳኝ ጠመንጃ ነው፤ እሱም ከመጋዘን የወጣ፣ መቀባበያው የሚከብድ። ጥፍሩን አውጥቶ እየሞረደ ነው፣ እያፏጨ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ያው ያስተማርሽኝን ነዋ! ቀለህ ሲይዝ ጥፍሩን አሳሳው። ትናንትም ለአንዱ እንዲሁ ሠርቼ ሰጠሁት። አሁን እኮ መላው ገብቶኛል።"

ለአንዱ ሰጠሁት። አሁን ያ ጠመንጃ የማን ትከሻ ላይ እንዳለ አላውቅም።

"ሞረዱን ስጠኝ" አልኩት።

"ይሄ የእኔ ሥራ ነው፤ ከእጅሽ ተቀብዬ..."

"ስጠኝ አልኩህ!"

ሰጠኝ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ቀልድ መስሎታል።

"ጥፍሩ አልነበረም። ግራሶ ነበር፣ ጉድጓዱ ውስጥ የደረቀ። ዓርብ ንጋት ላይ ገብቼ ያጸዳሁት እኔ ነኝ።"

ወደ ሞርሳው ዞሮ የሞረደውን አየ። "እና ጥፍሩን ሞርደው ያልሽኝ... ያኔ አላወቅሽም ነበር?"

እዚህ ላይ ላምልጥ ብል ማምለጥ እችል ነበር። 'አላወቅሁም፣ በኋላ ነው የገባኝ' ብል ያምነኝ ነበር። ያምነኛል፤ ችግሩ ይሄ ነው።

"አውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ደን ጠባቂው በመጡ በማግስቱ ነገሩኝ። ሲሞቅ ነው የሚይዘው አሉኝ። ንገሪው ብለውኝ ነበር።"

መዳፉን አየ። ፋሻው ከተፈታ ወዲህ ጠባሳው ቀይ ነው።

"እጄን ሳልቆርጥ በፊት?"

"በፊት።"

"ለምን?"

"ቀንቼብህ" አልኩት። "ሁሉም ስለሚወድህ። እኔም ጭምር።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህ፣ መዶሻ ቢወረውር እወድ ነበር። ወደ መደርደሪያው ሄደና ከመጣ ጀምሮ የጠገናቸውን፣ ባለቤቶቻቸው ገና ያልወሰዷቸውን ጠመንጃዎች ሁሉ አንድ በአንድ እያወረደ ባንኮው ላይ ደረደራቸው። "ሥራ የጀመርኩት አንቺን እያየሁ፣ አንቺን እየጠየቅኩ ነው" አለኝ። "የቱ እውነት እንደሆነ የቱ ውሸት አሁን አላውቅም። እያንዳንዱን ንገሪኝ።"

ተቀምጠን ፈታታናቸው። ይህ ልክ ነው፣ ይህም ልክ ነው፣ ይህን ሞላ እኔ ብሆንም እንደዚያው አደርገው ነበር እያልኩ ነገርኩት። እሱ እጄን እንጂ ፊቴን አያይም። የመጨረሻው ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ነበር፤ መዝጊያውን ራሱ ከብረት ፈልፍሎ የሠራው። አገላብጬ አየሁት። እኔ ከምሠራው ይበልጣል። በሕይወቴ ለማንም ብዬው የማላውቀውን አልኩት።

"ይሄ ከእኔ ሥራ ይበልጣል።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጠመንጃውን ከእጄ ወስዶ በረንዳ ወጣ።

"አባባ" ሲለው ሰማሁት፣ "እስቲ አንተ ዳብሰው።"